ጥቁር ቁልፍ የጣለ ይናገር

በዚያ ልብስ ስፌት ቤት መቀስን የሚወድ አንድም ሰው አልነበረም። እሱም ያውቀዋል፤ እንዲያውም ደስ ይለው ነበር። «የሚወደድ ቆራጭ ጨርቅ ያበላሻል» ይል ነበር፣ ከየት እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። እናትና አባቱ ያወጡለት ደህና ስም ነበረው። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረን፣ በዚያ ላይ ምላሱ ከእጁ ይበልጥ የሚቆርጥን ሰው ሌላ ምን ብለው ይጥሩት? ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ መቀስ አለው። ቆይቶ ሚስቱም ስትናደድ መቀስ ትለው ጀመር።

ቤቱ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። በአንዱ ጎን ሁለት ረድፍ የስፌት መኪና፣ በሌላው ጎን የካውያ ጠረጴዛዎች፣ መካከሉ ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የመቁረጫ ጠረጴዛ። መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ታችኛው መስታወታቸው ግን በነጭ ቀለም ተለቅልቋል። ያስለቀለቀው የድሮው ባለቤት ነው። ሠራተኛ መንገድ ካየ እጁ ይዘገያል ብሎ ያምን ነበር። ያ ባለቤት ሲሞት ልጆቹ መኪናዎቹን ለብረት ገዢ ሊሸጡ ሲስማሙ፣ ሃያ ሦስቱ ሠራተኞች ያላቸውን አዋጥተው፣ የሌላቸውን ተበድረው ራሳቸው ገዙትና የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ አለቃ የሚባል ነገር ቀረ፤ በየዓመቱ የሚመረጥ አንድ ሰብሳቢ አለ፣ እሱም ከስፌቱ አይነሳም። ድርሻው እኩል፣ ድምፁም እኩል ሆነ።

መቀስም ማኅበርተኛ ሆነ። ወዶ አይደለም፤ ጠረጴዛው እዚያ ስለቀረ እሱም እዚያ ቀረ።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አላት ለሚስቱ የፈረመ ዕለት። «እኔ ከካውያ ተኳሽ ጋር፣ እኔ ከክር ለቃሚ ጋር እኩል ድምፅ! ነገ ደግሞ ጨርቁንም በምርጫ ቁረጥ ይሉኛል።»

«ምን ቸገረህ፣ ትቃወማለሃ» አለችው ሚስቱ ልብስ እያጠፈች። «እዚህ ቤት ሃያ ዓመት ስትቃወም ምን ሆንክ?»

ስብሰባው ሰኞ ሰኞ ጠዋት ነው፣ መኪናዎቹ ከመነሳታቸው በፊት። ሁሉንም የሚያሰባስብ ሌላ ቦታ ስለሌለ የመቀስን ጠረጴዛ ከበው ይቆማሉ። ይህ ራሱ ያበሳጨዋል፤ ክርናቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ ሁሉ በዓይኑ እየተከተለ ይቆጣጠራል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭና አንድ ጥቁር የልብስ ቁልፍ ይሰጠዋል። የተስማማ ነጩን፣ ያልተስማማ ጥቁሩን በጭብጡ ደብቆ የወተት ጣሳ ውስጥ ይጥላል። የብዙኃኑ ይጸናል። ግን አንድ ደንብ አላቸው፣ በካርቶን ተጽፎ ከካውያዎቹ በላይ ተሰቅሏል፦ «ጥቁር ቁልፍ የጣለ ይናገር። እስኪጨርስ አይቋረጥ። በዕለቱ መልስ አይሰጠው።» የመጨረሻዋ መስመር የተጨመረችው በመጀመሪያው ወር ሁለት ሰፊዎች በእንጨት ማስመሪያ ከተደባደቡ በኋላ ነው። ቁጣ ይደርና መልሱ በሌላ ሰኞ ይምጣ ተባለ።

እንግዲህ ለመቀስ ከዚህ የተሻለ ድግስ ማን ሊደግስለት ይችላል! ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰኞ ነጭ ቁልፍ ጥሎ አያውቅም። አየር ማቀዝቀዣ ይገዛ ሲባል ጥቁር። የሚያጠቡ እናቶች አንድ ጥግ በመጋረጃ ይከለልላቸው ሲባል ጥቁር። ማኅበርተኛ ሁሉ በተራው የሌላውን ሙያ ይማር ሲባል፣ ያን ቀንማ ጥቁሩን ወደ ጣሳው የወረወረበት ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ። ከዚያ ይናገራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ትላላችሁ፤ እስቲ አንበሳውን አሳዩኝ! እኔ የማየው ሃያ ሁለት ድር ነው።» ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማዋል፣ ምክንያቱም ደንብ ነው። አንዳንዱ የግድግዳውን ሰዓት ያያል። አንዳንዷ በሆዷ ወጥ ትሠራለች። ሲጨርስ ማንም አይመልስለትም። እሱም አሸነፍኩ ብሎ ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ወደ ሥራው ይዞራል።

ከሁሉ የበዛው ስድብ የሚያርፈው በአንዲት ካውያ ተኳሽ ላይ ነበር። እንፋሎት ይሏታል። አሥራ አንድ ዓመት በካውያ ጭስ ውስጥ የቆመች፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ እንደ መሰላል የተደረደረባት ቀጭን ሴት ናት። ጥፋቷ አንድ ነው፣ መቁረጥ መማር ትፈልጋለች። ተራዋ ሁለት ጊዜ ደርሶ ሁለት ጊዜ መቀስ ምክንያት ፈጥሮ አስተላልፎባታል። «ጠረጴዛዬ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም» አላት በመጀመሪያው። በሁለተኛው ደግሞ «አንቺ የተሠራ ልብስ አታቃጥዪ፣ እሱ ይበቃሻል» አላት። እሷ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ዝም ስትል ግን የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ይህን የምታውቀው የዚያ ዓመት ሰብሳቢዋ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ ጉዱ እንምጣ። የመቀስ ዓይን ከዓመት ወዲህ እየደከመ ነበር። ሚስቱ ብቻ ታውቃለች፤ የሸሚዙን ቁልፍ ስትተክልለት መርፌ አስገባልኝ ብላው ክሩን ሦስት ጊዜ በአየር ላይ ሲወጋ አይታዋለች። ጠረጴዛው ላይ የጠመኔው መስመር ይጠፋበታል። በአውራ ጣቱ እየዳበሰ፣ በልምድ እየገመተ፣ እንዳያስታውቅ እየተሳደበ ይሠራል። ስድቡ መጋረጃው ነበር ማለት ይቻላል። ሐኪም ቤት ሂድ ስትለው «ሐኪም አይቶ ምን ሊቆርጥልኝ ነው?» ይላታል።

የሚፈራውን ግን ለሚስቱም አልነገራትም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ያንን ጠረጴዛ የያዘው ሌላ ሰው ነበር፣ መቁረጥን ያስተማረው ሽማግሌ። አንድ ቀን የሽማግሌው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባለቤቱ ማንንም አልጠየቀም። በምሳ ሰዓት የሽማግሌውን ኮት ራሱ ከማንጠልጠያው አውርዶ በክንዱ ላይ አደረገለትና በሩን ከፈተለት። ሽማግሌው ኮቱን ሳይለብስ ወጣ። ወፍራሙ የእጅ መቀስ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ወጣቱ ተማሪ አነሳው፣ እጀታው ገና የሰው ሙቀት ነበረው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሄዶ አልጠየቀውም። ሲቀበርም አልሄደም፤ ሥራ በዛብኝ አለ። አሁን በገዛ ዓይኑ ጨለማ ሲመጣ የሚታየው ያ ኮት ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሳ ምን ሆኖ እንደሚኖር አያውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት የአውቶቡስ ነጂዎች ጃኬት ትእዛዝ ነበረ፣ ሰማንያ ጃኬት። ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም ጨርቅ ሰማንያ ንብርብር ተነጥፎለታል። ቆራጩ የሚያደርገው ይህን ነው፦ የጃኬቱን ፊት ካርቶን ያስቀምጥና ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል፤ ያ ግራው ነው። ከዚያ ካርቶኑን ገልብጦ ደግሞ ያሰምራል፤ ያ ቀኙ ነው። ገልብጦ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። በካርቶኑ አንድ ፊት ላይ ይህን የምታሳይ ቀይ ምልክት አለች። ምልክቷን ማየት ያልቻለ ሰው የገለበጠ ይመስለዋል እንጂ አይገለብጥም።

ማኅበሩ ለዚህ ለዚህ የሚሆን ልማድ ነበረው፤ ሁለተኛ ዓይን ይሉታል። የኤሌክትሪኩ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ተረኛ የሆነ ሌላ ሰው መጥቶ፣ መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳርፎ፣ መስመሩን ተመልክቶ «አይቻለሁ» ማለት አለበት። መቀስ ይህን ልማድ ከኮሶ አብልጦ ይጠላዋል። በዚያ ቀን ተረኛዋ ደግሞ እንፋሎት ነበረች።

መዳፏን አሳረፈች። አየች። ደግማ አየች።

«ጋሽ መቀስ፣ ይሄ ልክ ነው? ሁለቱም አንገታቸው ወደ አንድ ወገን ነው የዞረው። ጥንድ ጫማ እንኳ እንዲህ አይሆንም።»

መቀስ ጎንበስ አለ። ያየው ሰማያዊ ጨርቅና ጭጋግ ብቻ ነው። አላየሁም ከሚል ሞቱን ይመርጣል።

«ካውያሽን ጠብቂ! ከእናትሽ ማህፀን ሳትወጪ ስቆርጥ ነበር። አይቻለሁ በይና ሂጂ።»

«አይቻለሁ አልልም። አይቁረጡ።»

«እንግዲያው ዞር በይልኝ» አለና ቢላውን አስነሳ። መኪናዎቹ ሁሉ ይጮሁ ነበር፤ ይህን ንግግር ከሁለቱ በቀር የሰማ የለም።

ሐሙስ ዕለት ፊትና ጀርባ የምታጋጥመው ሰፊ እጇን አነሳች። «የዚህ ጃኬት ቀኝ የታለ?» ሌላውን እሽግ ፈታች። እሱም ግራ። ሦስተኛውን ፈታች። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መቶ ስልሳ የጃኬት ግራ ፊት፤ ቀኝ ግን አንድም የለም። «ነጂዎቹ ሁሉ በአንድ ጎን ካልበረዳቸው በቀር» አለ ከኋላ አንዱ፤ ማንም አልሳቀለትም።

መቀስ ምላሱ ከልቡ ቀደመ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። «ሁለተኛ ዓይን እሷ ነበረች» አለ ወደ ካውያዎቹ እያመለከተ። «አይቻለሁ ብላለች።»

የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኸው ነው። እንፋሎት ካውያዋን በቀስታ አቆመችው። «አላልኩም። አይቁረጡ ነው ያልኩት» አለች። ሰብሳቢዋ፣ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሠራው አጭር ሴት፣ ሁለቱንም ለየብቻ ጠየቀች። ያው ሆነ። የሱ ቃል በሷ ቃል ላይ፣ ምስክር የለም። ሰብሳቢዋ በመዝገቡ ላይ «አልተረጋገጠም» ብላ ጻፈችና ነገሩን ዘጋችው። ለሰላም ብላ ነው። እንዲህ ያለ ሰላም ግን ማንን እንደሚጎዳ አላሰበችም፤ አንዱን ውሸታም ለማዳን አንዷን እውነተኛ ከሱ እኩል አደረገቻት።

ሌላ ጨርቅ መጣ። ሁሉም ሁለት እሑድ ገብተው ጃኬቱን በቀኑ አደረሱ። ያ ሁሉ ግራ ፊት አይጣልም ተብሎ ጥንድ ጥንድ እየተሰፋ የገበያ ቦርሳ ሆነ። እንግዲህ የመቀስን ቅጣት አስቡት። ወደ አትክልት ተራ ሲሄድ የጃኬት አንገት ቅርጽ ያለው ሰማያዊ ቦርሳ ሽንኩርት ታቅፎ ይመጣበታል። አውቶቡስ ሲጠብቅ ከፊቱ ያለችው ሴት ትከሻ ላይ ያው ቦርሳ። ሚስቱ ራሷ አንድ ይዛ ገባች። «ጠንካራ ነው» አለችው። «ቆራጩ ጎበዝ ነው መሰለኝ።» 

ከመንገዱ ማዶ አንድ ትልቅ ፋብሪካ አለ። ባለቤቱ ከዓመታት በፊት ለመቀስ ሰው ልኮበት ነበር፣ ና የቆራጮች አለቃ ላድርግህ ብሎ። ያን ጊዜ አልሄደም፤ ግን በየሰኞው ያነሳው ነበር። «ነገ ማዶ ብሻገር ምን ይውጣችኋል?» አሁን በአንድ ምሳ ሰዓት፣ ማንም ሳያየው፣ በእውነት ተሻገረ። አለቃው ሊያየው ጊዜ አልነበረውም። ቢሮ ውስጥ አንድ ጨዋ ጎልማሳ ወንበር ሰጠው፣ ውሃ አቀረበለት፤ ከዚያ ቁራጭ ጨርቅና መቀስ ሰጥቶት በመስመሩ ላይ ብቻ ቁረጥልኝ አለው። መቀስ ቆረጠ። ጎልማሳው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንስቶ ተመለከተውና አጥፎ አስቀመጠው።

«አባባ፣ ስልክዎን ይተዉልን፤ እንደውላለን።»

አባባ! በዕድሜው ማንም ጋሽ እንጂ አባባ ብሎት አያውቅም። ደረጃውን ሲወርድ ቁጥሩን ስቶ አንዱን እርከን ረገጥኩ ሲል አየር ረገጠ፤ የብረቱን መደገፊያ ባይይዝ ኖሮ ይወድቅ ነበር። ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየ፤ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ የሚያየውም ሰው አልነበረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ስንቱ ላይ ተርቶታል መሰላችሁ።

በተከታዩ ሰኞ ሰብሳቢዋ አንድ ሐሳብ አቀረበች። ሳትጠመዝዝ፣ እሱኑ እያየች ነው የተናገረችው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል። አይናደዱብኝ፤ ጠመኔ ሲፈልጉ በእጅዎ ጨርቁን ሲዳብሱ አይቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቢላ እንዳይነኩ ነው የማቀርበው። ግን ከጠረጴዛው አይነሱም። ድርሻዎም ድምፅዎም እንዳለ ነው። ወንበር ይቀርብልዎትና ያስተምራሉ። መጀመሪያ የምትማረው ተራዋ ሁለቴ ያለፈባት እንፋሎት ናት። የተስማማ ነጭ፣ ያልተስማማ ጥቁር።»

መቀስ ጥቁሩን በቀኝ እጁ አስቀድሞ ይዞ ነበር። ጥሎ፣ ተናግሮ፣ ረግሞ ሊሄድ ቆርጦ ነው የመጣው። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ እንጨቱ ከሠላሳ አንድ ዓመት ክርን የተነሳ ለስልሷል፣ ከዚያ በፊትም ከሽማግሌው ክርን። ለሽማግሌው ማንም ወንበር አላቀረበለትም። ማንም ቁልፍ አልጣለለትም። ያን ቀን ተጠይቆ ቢሆንስ፣ እሱ ወጣቱ ተማሪ የቱን ይጥል ነበር? ያውቀዋል። ጠረጴዛውን ይፈልግ ስለነበር ጥቁሩን ይጥል ነበር። ይህን ሲያስብ አፈረ፤ ማፈሩ ደግሞ አናደደው። ተራው ሲደርስ ግን በጣሳው ውስጥ የወደቀው ነጩ ነበር።

ሰብሳቢዋ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሃያ ሁለት ነጭ። አንድ ጥቁር።

አዳራሹ በሙሉ ተነፈሰ። «በል እንግዲህ ጋሽ መቀስ» አለ አንዱ ሰፊ ግድግዳው ላይ እየተደገፈ። «እንሰማለን።»

«እኔ አይደለሁም» አለ መቀስ።

ሳቁ! ስድስት ዓመት ያልሳቁትን አንድ ላይ ሳቁት። «እሱ ካልሆነ ሰይጣን ነዋ የጣለው!» አለች አንዷ። መቀስ በኪሱ የቀረውን ጥቁር ቁልፍ አውጥቶ ሊያሳያቸው ሲንደፋደፍ ከካውያው በኩል ድምፅ መጣ።

«የኔ ነው» አለች እንፋሎት።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ። እሷ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና እጆቿን ሽርጧ ላይ ጠረገች።

«እሳቸው ይቀራሉ። የብዙኃኑ ድምፅ ነው፣ ይጸናል፤ እኔም ከነገ ጀምሮ እማራለሁ። እኔ ግን ነጭ ልጥል አልቻልኩም። ስድስት ዓመት ሰምቻቸዋለሁ፤ ልብስ አቃጣይ ሲሉኝ፣ ድር ሲሉኝ። ደንብ ነው ብዬ ቆሜ ሰማሁ። ዛሬ እሳቸው ይስሙኝ። ያን ቀን አይቻለሁ። ሁለቱም ግራ እንደሆነ አይቻለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁም። እሳቸው ዋሹ። እናንተ ደግሞ አልተረጋገጠም ብላችሁ ጻፋችሁ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሸሚዝ አቃጥዬ ደብቄ አላውቅም፤ ያቃጠልኩትን ሁሉ ይዤ መጥቼ አሳይቻለሁ። ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል አልተረጋገጠም ሆነ!» ወደ መቀስ ዞረች። «እርስዎን ማክበሬን አልተውም፣ እናቴ ያሳደገችኝ እንደዛ ነው። መውደድ ግን አይጠበቅብኝም። በማኅበሩ ደንብ ላይ መዋደድ የሚል የለም፣ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጨርሻለሁ።»

መቀስ አፉን ከፈተ። ሰብሳቢዋ ወደ ካርቶኑ በጣቷ አመለከተች፤ በዕለቱ መልስ አይሰጠው። የወደደው ደንብ ነው። ስድስት ዓመት ከጀርባው ተደብቆ ሲወረውር የኖረበት ደንብ። አፉን ዘጋ።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። እንፋሎት በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፣ ከዚያ ከሥራው ጥያቄ በቀር ቃል አትጨምርም። እሱም እያመናጨቀ ያስተምራል። «ጠመኔውን እንደ ማንኪያ አትያዢው!» ትይዘዋለች አስተካክላ። «ጨርቁን አትጎትቺው፤ እሱ ራሱ ይተኛ!» ትተወዋለች። አንድ ነገር ሁለቴ መንገር አላስፈለገውም፤ ይህም አበሳጨው። በቤቱ ደግሞ ሚስቱ ወሬውን ከገበያ ሰምታ ጠበቀችው።

«እውነት ነው ያለችው?»

ጫማውን መፍታት ላይ ነበረ፤ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች ሚስቱና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ምንም አላነሳችም፤ ብታነሳ ይሻለው ነበር።

ሰኞ ደረሰ። የቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ የመስኮቶቹ የታችኛው መስታወት ቀለም ይፋቅ የሚል። ማንም የሚቃወምበት ምክንያት አልነበረም። ጣሳው ተገለበጠ። ሃያ ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር።

«አሁን ደግሞ መስኮት ምን አደረገው!» አለች አንዷ እጇን እያጨበጨበች። ሌላዋ ሰዓቷን አየች። እንፋሎት ጭራሽ ፊቷን ወደ ካውያዋ አዞረች።

«የኔ ነው» አለ መቀስ። «ስለ መስኮቱ የምለው የለኝም። ፋቁት፤ ብርሃን ያስፈልገኛል። ጥቁሩን የጣልኩት ለመናገር ብዬ ነው። በሌላ መንገድ መናገር አልችልበትም። ያን ቀን አይታ ነበር። አይቁረጡ ብላኛለች። እኔ ነኝ ያላየሁት። አሁንም አላይም፤ የሰብሳቢዋን ፊት ከዚህ ሆኜ አላየውም፣ ልብ በሉ፣ ሦስት እርምጃ ነው። አይቻለሁ ብላለች ብዬ ዋሸሁ። ከጠረጴዛው እንዳልነሳ ብዬ ነው። እኔ የያዝኩት ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ ሲያወጡት ዝም ብዬ መቀሱን አነሳሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ። ያንን አልተረጋገጠም የሚለውን ሰርዙት። ጨርሻለሁ።»

ደንብ ደንብ ነውና ማንም አልመለሰለትም። ሰብሳቢዋ መዝገቡን አወጣች፣ ገጹን ፈለገች፣ በአንድ መስመር ሰረዘችና ከሥሩ ጻፈች። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማ ነበር። ከዚያ መኪናዎቹ ተነሱ።

መቀስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንፋሎት መጣች። እንደምን አደሩ አለችው፣ ያው እንዳለፈው ሳምንት፣ ያው በዚያ ቀዝቃዛ ድምፅ። ስስ ግራጫ ጨርቅ ተነጥፎ ነበር፣ የመጀመሪያ ሥራዋ። ካርቶኑን አስቀመጠች፣ አሰመረች። ቀይ ምልክቷን ወደ ታች አድርጋ ገለበጠች፣ ደግማ አሰመረች። ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ ጠመኔውን አስቀመጠችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ሁለተኛ ዓይን ያን ቀን የሱ ተራ ነበር፤ ስሙን ከተራው ዝርዝር ገና ያወጣው አልነበረም።

ተነስቶ መዳፉን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። ጎንበስ አለ፣ አፍንጫው ጨርቁን እስኪነካ። ከመስመሩ አንዱ ጥግ ይታያል፣ ሌላው የለም። መስመሩ ልክ እንደሆነ እርግጠኛ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ እጇን ሲከታተል ከርሟል፣ አትሳሳትም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግበት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ማንም አያጣራበትም። እሷም ቆማ ትጠብቃለች።

«አላየሁም» አለ ቀና ብሎ። «ሌላ ዓይን ጥሪ።»

እንፋሎት አየችው። የታችኛው ከንፈሯ አልገባም። ከዚያ በመኪናዎቹ ጩኸት ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰብሳቢዋን ጠራች፤ ወደሱም ሳትዞር «ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ፣ ጋሼ፤ እስክትመጣ ጊዜ አለን» አለችው።